የትናንቱ ጓደኛ ሊበቀል ሲመጣ፦ ናሩቶና ሳሱኬ ለጋዜጠኛ ምን ያስተምራሉ?

መግቢያ

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ትንሽ ፈራ ተባ ብያለሁ። በዚህ ቡሌቲን የሚወጡት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፕሬስ ነፃነት፣ ስለ ዜና አጻጻፍ ወይም ስለ ሬዲዮ ታሪክ ናቸው። እኔ ይዤላችሁ የመጣሁት ግን የጃፓን ካርቱን ነው። «ሁለተኛ ዓመት ደርሳ ገና ካርቱን ታያለች እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በምናብ በተፈጠረ ዓለም ውስጥ፣ ትናንት ጓደኛ የነበረ ሰው ዛሬ በቀል ይዞ ሲመጣ እንዴት ነው ፊት ለፊት የሚገጠመው? ይህን ጥያቄ የመረጥኩበት ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው የትምህርት ነው፤ የተቆጣን ሰው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ማነጋገር ነገ የምንተዳደርበት ሥራ ነው። ሁለተኛው የግል ነው። እሱን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

1. ታሪኩን ለማያውቁ

«ናሩቶ» ማሳሺ ኪሺሞቶ የተባለ ጃፓናዊ ደራሲና ሠዓሊ የፈጠረው ታሪክ ነው። ጃፓኖች በሥዕል የሚተረከውን መጽሐፍ ማንጋ፣ በተንቀሳቃሽ ምስል ሲሠራ ደግሞ አኒሜ ይሉታል። ማንጋው እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2014 በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጥቶ በ700 ምዕራፍ ተጠናቋል። በመጽሐፍ ሲጠረዝም 72 ቅጽ ወጥቶታል። አኒሜው በሁለት ተከፍሎ የቀረበ ሲሆን፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2007 በ220 ክፍል፣ ሁለተኛው ከ2007 እስከ 2017 በ500 ክፍል ታይቷል። ሲደመር 720 ክፍል ነው። እኛ ዶርም ውስጥ በፍላሽ እየተቀባበልን፣ አንድ ላፕቶፕ ከበን፣ ግማሻችን አልጋ ላይ ግማሻችን መሬት ላይ ተቀምጠን ነው ያየነው።

ታሪኩ የሚካሄደው ኒንጃዎች በሚኖሩበት ዓለም ነው። ሰዎቹ ቻክራ የሚባል የውስጥ ኃይል አላቸው፤ በዚህ ኃይል እሳት ይተፋሉ፣ ውሃ ላይ ይሄዳሉ፣ ራሳቸውን ያባዛሉ። ኮኖሃ የምትባል መንደር አለች፤ መሪዋ ሆካጌ ይባላል። ናሩቶ ወላጅ አልባ ልጅ ነው። መንደሯን ያጠቃ ዘጠኝ ጭራ ያለው ቀበሮ ሆዱ ውስጥ ስለታሰረ ሰዉ ሁሉ ይሸሸዋል። ሳሱኬ ደግሞ ከክፍሉ የላቀ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ግን ኡቺሃ የተባለው ወገኑ በሙሉ በአንድ ሌሊት ተጨፍጭፎ እሱ ብቻ ነው የተረፈው። ገዳዩ ታላቅ ወንድሙ ኢታቺ ነው።

ሁለቱ ልጆች ሳኩራ ከምትባል ልጅ ጋር ካካሺ በሚባል አስተማሪ ሥር አንድ ቡድን ውስጥ ይመደባሉ። መጀመሪያ ይናናቃሉ፣ ቀጥሎ ይፎካከራሉ፣ በኋላ ወንድማማች ይሆናሉ። አንድ ጊዜ ሳሱኬ ለናሩቶ የተወረወረውን መርፌ በገዛ አካሉ ከልሎ ወድቋል። ከዚያ በኋላ ግን ይኸው ልጅ ወንድሙን የሚገድልበት ኃይል ፍለጋ መንደሩን ጥሎ የመንደሩ ጠላት ወደሆነው ወደ ኦሮቺማሩ ይሄዳል።

ሁለቱ ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ ይገናኛሉ። እኔ ሦስቱን ግጥሚያ መርጬ እንደ ቃለ መጠይቅ ላያቸው ሞክሬያለሁ። አንደኛው ሌላኛውን ምን ጠየቀው? መልሱን ሰማው ወይስ አልሰማውም?

2. የመጀመሪያው ግጥሚያ፦ መልሱን ይዞ የሄደ ጠያቂ

ቦታው የፍጻሜ ሸለቆ ይባላል። በፏፏቴው ግራና ቀኝ ሁለት ግዙፍ የድንጋይ ሐውልቶች ቆመዋል። አንዱ ሃሺራማ፣ ሌላው ማዳራ ነው። ኮኖሃን አብረው የመሠረቱ፣ በኋላ ግን እዚያው ቦታ ላይ የተዋጉ ጓደኛሞች ናቸው። ደራሲው ይህን ቦታ የመረጠው ያለ ነገር አይመስለኝም። ልጆቹ የሚጣሉት ትልልቆቹ ተጣልተው ባልጨረሱት ጠብ ላይ ቆመው ነው።

ናሩቶ ሳሱኬን ተከትሎ ሲደርስ የሚለው በአጭሩ «ተመለስ» ነው። ጓደኞቻችን አንተን ለመመለስ ሲሉ ቆስለዋል፣ ኦሮቺማሩ ገላህን ይወስድሃል፣ እጅ እግርህን ሰብሬም ቢሆን እመልስሃለሁ ይለዋል። ሳሱኬ በበኩሉ አንድ ከባድ ነገር ይመልስለታል። ከመጀመሪያውም ብቻውን የነበረ ሰው፣ ያለውን ሁሉ ያጣ ሰው ምን እንደሚሰማው አያውቅም ነው ነገሩ።

ይህን ሳይ ብዙ ጊዜ ለናሩቶ አዝን ነበር። ጓደኛዬ ብሎ ሞት አፋፍ ድረስ ሄደ፣ የተመለሰለት ስድብ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ስል ደግሜ ሳየው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ናሩቶ ሳሱኬን አንድ ጥያቄ ከልቡ አልጠየቀውም። «ለምን ትሄዳለህ?» ብሎ ይጮሃል፤ ጩኸቱ ግን ወቀሳ እንጂ ጥያቄ አይደለም። መልሱን ይዞ ነው የሄደው፤ መልሱ «ተሳስተሃል፣ ና እንሂድ» ነው።

እኛስ? ቃለ መጠይቅ ስንወጣ ስንቶቻችን ነን ሊዱን በልባችን ጽፈን የምንሄደው? ባለጉዳዩ ሌላ ነገር ሲናገር እንቸኩላለን፣ ወደምንፈልገው እንመልሰዋለን። ሰውየው ፊታችን ላይ ሲቆጣ ደግሞ «ባለጌ ምንጭ ገጠመኝ» ብለን ለጓደኛ እናወራለን።

ግጥሚያው እንዴት አለቀ? ናሩቶ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሳሱኬ ሊገድለው ሲችል አልገደለውም፤ በዝናብ ትቶት ሄደ። ፍቅር ነበረ፣ ጆሮ ግን አልነበረም።

3. ያልተሠራው ዜና

ዓመታት አልፈው ሳሱኬ ወንድሙን ይገጥማል፤ በውጊያው ማብቂያ ኢታቺ ይሞታል። በቀሉ ተፈጸመ፣ ታሪኩ አለቀ ስንል ነው ዋናው ነገር የሚመጣው። አንድ ጭንብል ያጠለቀ ሰው ሳሱኬን ወስዶ እውነቱን ይነግረዋል።

እውነቱ ይህ ነው። ቀበሮው መንደሯን ካጠቃ በኋላ የመንደሯ ሹማምንት ኡቺሃዎችን መጠርጠር ጀመሩ። ሰፈራቸውን ወደ መንደሯ ዳር አወጡት፣ በስውር ያስጠብቋቸው ጀመር። የተገፉት ደግሞ መፈንቅለ መንግሥት ማሴር ጀመሩ። ሦስተኛው ሆካጌ በንግግር ይለቅ ብሎ ነበር፤ ዳንዞ የሚባለው ሹም ግን የእርስ በርስ ጦርነት ከሚነሳ ወገኑ ይጥፋ ባይ ነው። ለኢታቺ ትእዛዝ ተሰጠው፤ እሱም ትንሽ ወንድሙን አስተርፎ ፈጸመው። ለሕዝቡ የተነገረው ግን «ኢታቺ የሚባል ከሐዲ አብዶ ወገኑን ጨረሰ» የሚል ነው።

እስቲ ይህን እንደ ጋዜጠኛ እንየው። አንድ መግለጫ አለ፤ ምንጩ አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ያም ወገን በነገሩ ውስጥ እጁ አለበት። በሕይወት የተረፈ ምስክር አለ፤ እሱም ሕፃን ነው። «ያ ሰፈር ለምን ወደ ዳር ወጣ?» ብሎ የጠየቀ ሰው በታሪኩ ውስጥ አናይም። አምስቱ የዜና ጥያቄዎች ተመልሰዋል። ማን? ኢታቺ። ምን? ጭፍጨፋ። የት፣ መቼ፣ እንዴት የሚሉትም እንዲሁ። የተዘለለው አንድ ብቻ ነው፤ «ለምን»።

በቀል የሚኖረው እዚያ በተዘለለው ቦታ ነው ብዬ አስባለሁ። ሳሱኬ እውነቱን ሲሰማ ጥላቻው አልበረደም፤ ወደ መላው መንደር ዞረ። ለምን አትሉም? እውነቱ ዘግይቶ መጣ፤ የመጣውም ሳሱኬን ለራሱ ዓላማ ሊጠቀምበት ከፈለገ ሰው አፍ ነው። ይህ ጭንብል ያጠለቀ ሰው የራሱን ስም እንኳ በትክክል አይናገርም። ተጠያቂዎቹ በጊዜው ቢናገሩት ኖሮ እውነት የሚሆነው ነገር፣ ጭንብል ያጠለቀ ሰው ሲናገረው የጦር መሣሪያ ሆነ። መምህሮቻችን «መረጃ ከተደበቀ ቦታውን ወሬ ይይዘዋል» ሲሉን በፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፤ የገባኝ ግን አሁን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በቀል ከበዳዩ አልፎ ይሄዳል። ሳሱኬ ዳንዞን ሲገጥም ዳንዞ ካሪን የምትባለውን የሳሱኬን ተከታይ እንደ ጋሻ ይይዛታል። ሳሱኬ ምን አደረገ? በእሷ አካል በኩል አሳልፎ ዳንዞን ወጋው። ልጅቷ ሞት አፋፍ ደርሳ ተረፈች። ቂሙ እውነተኛ ነው፣ በደሉም እውነተኛ ነው፤ መሬት ላይ ደም እየፈሰሳት የወደቀችው ልጅ ግን ምንም አላደረገችም። ይህችን ካሪንን አትርሷት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

4. ሁለተኛው ግጥሚያ፦ ድልድዩ አጠገብ

ዳንዞ ከሞተ በኋላ ድልድዩ አጠገብ ናሩቶና ሳሱኬ እንደገና ይገናኛሉ። በዚህ ጊዜ ናሩቶ የኢታቺን እውነት ሰምቷል። አንድ ሌላ ነገርም ደርሶበታል፤ ናጋቶ የሚባል ሰው መምህሩን ገድሎበታል፣ መንደሩን አፍርሶበታል። ናሩቶ ናጋቶን ሲያገኘው ወዲያው አልገደለውም። መጀመሪያ ታሪክህን ልስማ ነው ያለው። ናጋቶ ወላጆቹን የኮኖሃ ወታደሮች እንዴት እንደገደሏቸው፣ ጓደኛውን እንዴት እንዳጣ ይነግረዋል። ናሩቶ ሰምቶ ሲያበቃ ይቅር አልልህም አለ፤ ግን ሳይገድለው ሄደ።

ለእኔ በታሪኩ ውስጥ ናሩቶ ቃለ መጠይቅ ማድረግ የተማረው እዚህ ላይ ነው። መስማት ማለት መስማማት አይደለም። «ገብቶኛል» ማለት «ልክ ነህ» ማለት አይደለም።

ስለዚህ ድልድዩ አጠገብ ያለው ናሩቶ የሸለቆው ናሩቶ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያንተ በደል በእኔ ላይ ቢደርስ እኔም እንዳንተ ልሆን እችል ነበር የሚል ሐሳብ ያነሳል። አሁን ብንዋጋ ሁለታችንም እንሞታለን፤ ጥላቻህን ለመሸከም እኔ አለሁ ይለዋል። «ና ተመለስ» የለም፣ «እጅህን እሰብራለሁ» የለም። ሳሱኬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመልሰው ያጣ ይመስላል። ምን ፈልገህ ነው እንዲህ የምትከተለኝ ብሎ ሲጠይቀው መልሱ አጭር ነው፤ ጓደኛህ ስለሆንኩ።

በእኛም አገር ሽማግሌዎች ሰው ሲያስታርቁ የሚያደርጉትን አስቡ። ሁለቱን ተጣይዎች በመጀመሪያው ቀን አንድ ቦታ አስቀምጠው «ተሳሳሙ» አይሉም። አንዱን ለብቻው ያነጋግራሉ፣ ሌላውን ለብቻው ያነጋግራሉ፤ ይመላለሳሉ። ከባድ በደል ከሆነ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል። ድንጋዩ ጥፋቱ ክብደት እንዳለው በሰው ፊት ማሳያ ነው። ሴት አያቴ እንዲህ ያለ እርቅ ካየች በኋላ ስትመለስ «ዛሬ ነገሩ ወጣ» ትል ነበር። ታረቁ አትልም፣ ነገሩ ወጣ ነው የምትለው። እርቅ የሚጀምረው ነገሩ ሲወጣ ነው።

5. ሦስተኛው ግጥሚያ፦ እንደገና ሸለቆው

ታላቁ ጦርነት ካበቃ በኋላ ሳሱኬ የመንደሮቹን መሪዎች በሙሉ ገድዬ የዓለምን ጥላቻ ብቻዬን እሸከማለሁ ብሎ ይነሳል። ሁለቱ ወደዚያው ሸለቆ ይመለሳሉ። ቻክራቸው እስኪያልቅ፣ በጡጫ እስኪመታቱ ይዋጋሉ። ሐውልቶቹም ይፈርሳሉ። በመጨረሻ ናሩቶ ቀኝ ክንዱን፣ ሳሱኬ ግራ ክንዱን አጥተው ጎን ለጎን ወድቀው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

የሚነጋገሩት ያኔ ነው። ሳሱኬ ይጠይቃል፤ ናሩቶ አንተ ስታዝን እኔንም ያመኛል የሚል መልስ ይሰጣል። ሳሱኬም ተሸነፍኩ ይላል። ልብ በሉ፣ ሁለቱም እኩል ነው የቆሰሉት። የተሸነፈው ክንዱ አይደለም፤ ብቻዬን ነኝ የሚለው እምነቱ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያለቅሳል፤ እኔም አልቅሻለሁ። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ሳሱኬ ምሕረት ተደርጎለት ወደ ጉዞ ሲወጣ እናያለን፤ የኡቺሃዎች እውነት ግን ለመንደሯ ሕዝብ በአደባባይ ሲነገር አናይም። ኢታቺ ራሱ እውነቱ እንዲወጣ አልፈለገም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ጓደኛሞች ታረቁ፤ ዜናው ግን እስከ መጨረሻው አልተሠራም። ናሩቶ አንድ ሰው መለሰ እንጂ ሌላ ሳሱኬ እንዳይፈጠር አላደረገም። የጓደኝነት ታሪክ ሆኖ ሳየው ተጠናቋል፤ እንደ ጋዜጠኛ ሳየው ግን ፋይሉ አልተዘጋም።

6. የእኔው ሸለቆ

አሁን ወደ ግሉ ምክንያት ልመለስ። አምና አንደኛ ዓመት ላይ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እኖር ነበር። ከአንድ ከተማ የመጣን፣ ሃይስኩል አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን ነን። ዶርም ስንደለደል ተለማምነን አንድ ክፍል ገባን። እሷ ላይኛው አልጋ፣ እኔ ታችኛው። ፍላሹን ያመጣችው፣ ናሩቶን ያስጀመረችኝም እሷ ናት።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ስለ ቤተሰቧ አንድ ነገር ነገረችኝ። ለማንም ነግራ አታውቅም። በሳምንቱ የፊቸር አሳይመንት ተሰጠን። ምን እንደጻፍኩ ገምታችኋል። ስሟን አላነሳሁም። «ስም እስከሌለው ድረስ ምን ችግር አለው?» ብያለሁ ለራሴ። ግን ከተማውን፣ የአባቷን ሥራ፣ ዓመቱን አልቀየርኩም። ጽሑፉ ጥሩ ሆነ፤ መምህሩ ለምሳሌ ይሆናል ብለው ለክፍሉ አነበቡት። ከእኛ ከተማ የመጣን አራት ነበርን፤ ሌሎቹ ሁለቱ ዞር ብለው አዩዋት። እሷ ከእኔ ሁለት ወንበር ፊት ነበረች። ዞር አላለችም።

አልሰደበችኝም፣ አልጮኸችም። የሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ የሬዲዮ ዶክመንተሪ የግሩፕ ሥራ ነበረን፤ አራት ነን፣ ሦስት ሳምንት የቀዳነው ድምፅ በሙሉ እሷ ጋ ነው። ማስረከቢያው ነገ ሊሆን ዛሬ ማታ አጠፋችው። ስጠይቃት «አዎ፣ እኔ ነኝ። የራስ ነገር ሲወሰድ እንዴት እንደሚያደርግ እይው» አለችኝ። አራታችንም ውጤታችን ወረደ። ከግሩፑ አንዱ በዚያ ሴሚስተር ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ዶርም ቀየረች። አስር ወር አልተነጋገርንም።

በዚህ አስር ወር ውስጥ ታሪኩን ለስንት ሰው እንደነገርኩት አልቆጠርኩም። ሁልጊዜ የሚጀምረው «ጓደኛዬ ድምፃችንን አጠፋችብን» ከሚለው ነው። ናሩቶን ስጨርስ እኔ ናሩቶ፣ እሷ ሳሱኬ ናት ብዬ አምን ነበር። የዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያ ርእስ «ጓደኛ ሲከዳ» የሚል ነበር። ሦስተኛውን ክፍል ስጽፍ ግን፣ «ለሕዝቡ የተነገረው ግን» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። የእኔም ታሪክ ከመሐል ነው የሚጀምረው። እኔም «ለምን» የሚለውን ዘልዬ ነው ስናገር የከረምኩት። ናሩቶ አልነበርኩም፤ ኮኖሃ ነበርኩ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ራሴን ከተወጋው ወገን እንጂ ከወጋው ወገን አስቀምጬው ግን አላውቅም ነበር።

ሄድኩ። ላይብረሪ ጀርባ ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የምለውን በወረቀት ጽፌ ነበር፤ ሳያት ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ተውኩት። «ልከራከር አልመጣሁም። ያልነገርሽኝን እንድትነግሪኝ ነው የመጣሁት፤ ካልፈለግሽ እሄዳለሁ» አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ፣

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለችኝ። «ብትጠይቂኝ እኮ እሺ ልልሽ እችል ነበር።»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። አጥፍቻለሁ አልኳት። ጥቂት ቆይታ ደግሞ «አንቺ ላይ ያደረግኩት ብዙም አይቆጨኝም። የሁለቱ ልጆች ግን ይቆጨኛል» አለች። ካሪን ትዝ አለችኝ። ሁለታችንም አንድ ሰው መሐል አስገብተን ነው የተወጋጋነው። ማስጠንቀቂያ የደረሰውን ልጅ አብረን ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፤ «እናንተ ደግሞ!» ብሎ ሳቀ፣ ግን ቶሎ አልሳቀም።

እንደ ድሮው ሆነናል ብዬ አልዋሽም። አንድ ዶርም አልተመለስንም። ካፌ ስንገናኝ ግን ሰላም እንባባላለን፤ አንዳንዴም አንድ ጠረጴዛ ላይ እንበላለን።

ማጠቃለያ

ለክፍል ጓደኞቼ ከዚህ ሁሉ የወሰድኩትን በአራት ነጥብ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ የተቆጣን ሰው ለማነጋገር ስንሄድ መልሱን ቤት ትተን እንሂድ። ናሩቶ በመጀመሪያው ሸለቆ ያቃተው ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ታሪኩ ከየት እንደጀመረ እንጠይቅ። ከበቀሉ ከጀመርን በቀለኛውን ብቻ ነው የምናየው። ከበደሉ ስንጀምር ግን ሹማምንቱም ይታያሉ፤ አንዳንዴ እኛም እንታያለን።

ሦስተኛ፣ መስማትና መስማማት ይለያያሉ። በደሉ እውነት ነው ማለት የተወጋችው ካሪን ጥፋተኛ ናት ማለት አይደለም። ሁለቱም በአንድ ዘገባ ውስጥ መግባት አለባቸው።

አራተኛ፣ ስም ማውጣት ብቻውን ሰውን አይደብቅም። በማታ የተነገረን ነገር በቀን ለመጻፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ መጠየቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አለመጠየቅ እኔን አስር ወር አስከፍሎኛል፣ እሷን ከዚያ በላይ።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላሳውቃችሁ። ይህን ጽሑፍ ለቡሌቲኑ አዘጋጆች ከመስጠቴ በፊት ለእሷ ሰጥቻታለሁ። ሁለት ቀን አቆየችው። ስትመልስልኝ ከስድስተኛው ክፍል ሁለት ዓረፍተ ነገር በእስክሪብቶ ሰርዛበታለች፤ ሌላው ይውጣ ብላለች። የተሰረዙት ምን እንደነበሩ እዚህ አታገኟቸውም።